የምንጩ ሾላ የተቆረጠበት በጋ

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ብዕሩን የያዘችው ሳጂዳ ናት፣ የልጄ የሙጂብ ሚስት። እጁ የሷ ነው፤ አፉ የእኔ የጀይሉ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፈርኩበትም፤ የቆጠሩትም የት እንደደረሱ አይቻለሁ። እሷ አስረኛ ክፍል ደርሳ ነው ያመጣናት። እጇ ፈጣን ነው፣ ምላሷ ዝግተኛ። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ደንቡን ነግሬአታለሁ፦ የምለውን ሁሉ ጻፊ፣ አትቀንሺ፣ አትጨምሪ፣ ብሳደብም ጻፊ፣ አታሳምሪልኝ።

የማስጽፍበት ምክንያት አለኝ። ትናንት ቦይ ጠረጋ ነበር። ከኦዳው ምንጭ ጀምሮ እስከ ግርጌው ማሳ ድረስ ሁሉም አካፋውን ይዞ የሚወጣበት ቀን ነው። ኦዳ የምንለው ሾላውን ነው፣ በኦሮምኛ። እኔ የውሃ አባት ነኝ። ማን መቼ እንደሚያጠጣ ተራ እሰጣለሁ፣ ተራ የሰበረውን እቀጣለሁ። አባቴም እንዲሁ ነበር። ትናንት በሰው ፊት የተናገርኩት ቃል አለ። ሰው ደግሞ ቃል ማዞር ያውቅበታል። ነገ ጀይሉ እንዲያ አለ እንዲህ አለ እንዳይሉኝ በቀኑ ይጻፍልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙጂብና ጓደኞቹ በማኅበር ሆነው ፓምፕ ገዝተው ቲማቲም ያለማሉ። ዘንድሮ ውሃው አነሰ አሉ። ያነሰው ምንጩ አናት ላይ የቆመው ሾላ ስለሚጠጣው ነው አሉ። አምና ከሚሴ ለስልጠና ጠርተዋቸው ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል ብለው አስተምረዋቸዋል። እውነት ነው፣ ያደርቃል። ታዲያ እነሱ ምን አሉ? ያ ቀጭን ባሕር ዛፍ ይኼን ያህል ከጠጣ፣ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው የማያቅፉት ሾላማ ምን ያህል ይጠጣ! ይኼን ተምረው መጡ።

አብዱልሰመድ ተነሳ። እኩያዬ ነው፤ በአንድ ቀን ነው የተገረዝነው፣ እሱ አልቅሷል። ማሳው ከቦዩ መጨረሻ ነው። የሌሊቱ ውሃ የሱ ነው፤ ፓምፕ ከመግሪብ በኋላ እንዳይነሳ ሁላችንም ተስማምተንበታል። ተነሳና እንዲህ አለኝ፦ "ጀይሉ፣ ሾላው ምንም አላደረገ። የሚጠጣው ልጅህ ነው። በሌሊት።"

ከኋላ አንዱ፣ የውሃ አባት ልጅ ቢጠማው ምን ይገርማል አለ። ያኔ ሰው ሁሉ ሳቀ። አብዱልሰመድም ሳቀ።

ሳጂዳ፣ ይኼን በደንብ ጻፊው። ቆሜ እንዲህ አልኩ፦ "ወላሂ፣ የእኔ ልጅ በሌሊት ውሃ አይሰርቅም። ማሽላው እስኪታጨድ የሌሊቱ ውሃ ማሳህ ካልደረሰ ጥፋቱ የሾላው ነው። መጀመሪያ ምሳር የማሳርፍበትም እኔ ነኝ።" ዱቢን ኮ ቶኩማ ብዬ ተቀመጥኩ። ቃሌ አንድ ናት ማለቴ ነው።

ይደርሳል። ለምን አይደርስም።

ጥቅምት 9

ከኢሻ ሶላት በኋላ ነው። ዛሬ ስለ ሾላው አስጽፋለሁ፤ ስለሱ የሚያወራው ሁሉ የማያውቀው ነውና።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። እኔ ዛፍ አላመልክም። ልጆቹ ከኋላዬ ሽማግሌው ኦዳውን ያመልካል ይላሉ አሉ። እኔ እነሱ ሳይወለዱ የሰገድኩትን ሰግጄአለሁ። አላህ ለምን እንደፈጠረው ስላየሁ ነው የምናገረው።

ሾላ፣ ዋርካ፣ ጭብሃ አንድ ዘር ናቸው። መልካቸው ይለያይ እንጂ ቅርፊታቸውን በጥፍር ብትጭረው ሁሉም ነጭ ወተት ያፈሳሉ። የአንድ ጡት ልጆች ናቸው። አበባቸውን ለሰው አያሳዩም። ፍሬያቸውም ተራ አለው። መስጊዱ ደጅ ያለው ዋርካ ክረምት ላይ ያፈራል። እሱ ሲያርፍ ገደሉ ላይ ያለው ጭብሃ ይቀበለዋል። የምንጩ ሾላ የሚያፈራው ዱሩ ሁሉ ባዶ እጁን ሲቆም ነው፣ ጥርና የካቲት ላይ። ጎረቤታሞች የዱዓ ድግስ ሲያወጡ ተራ እንደሚገቡት። እነሱን የሾመ የውሃ አባት የለም፤ ተራ ግን አይሰብሩም።

በዚህ ምክንያት ጦጣውም የዱር ርግቡ ዋኔውም የሌሊት ወፉም ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው እየዞረ ይበላል። የሰው ማሳ ላይ የሚወርደው ለወጉ ያህል ነው። ተረተሩ ላይ ያለውን ዋንዛና ወይራ ማን ተከለው? ማንም። ወፍ ሌላ ቦታ የበላውን ዘር ይዞ ለሾላ ይመጣል፣ ከሾላው ላይ ሆኖ ያራግፈዋል። እኛ አርሰን የማናውቀውን ተረተር እንግዶቹ ዘሩበት።

ሳጂዳ ቀና ብላ አብዬ አለችኝ። ሾላው ውስጥ የሚገኘው ትል አይደለም አለች። ከትንኝ የምታንስ ተርብ ናት፣ እያንዳንዱ የሾላ ዘር የራሱ ተርብ አለው፣ እሷ ገብታ ካልሞተችበት ፍሬው አይበስልም፣ እሱም ከሌለ እሷ መውለጃ የላትም፤ እንዲህ ብለው አስተምረውናል አለች። መጀመሪያ ለማመን ከበደኝ። ስንቱን ሾላ ከፍቼ እፍ ብዬ በልቻለሁ። ለካስ ያራገፍኳት ባለቤቷን ነው።

ሰው ገልጦ ሳያይ የተቀበለውን ነገር ሾላ በድፍን ይላል። እነዚህ ልጆች ሾላውን ራሱን በድፍን ፈረዱበት።

ጥቅምት 16

አጭር ይሁን። ወገቤን አሞኛል። ማሽላው እሸት ይዟል። አብዱልሰመድ መንገድ ላይ ሰላምታዬን በግማሽ መለሰልኝ። ግማሹን ለራሱ ያስቀምጠው።

ጥቅምት 24

ገና ሳይነጋ፣ ለሱብሂ ልነሳ ስል ድምፅ ሰማሁ። ዱግ ዱግ ዱግ ይላል። ከምንጩ በኩል ነው። አስፋልቱ ላይ የቆመ አይሱዙ ይሆናል አልኩ። ሞተሩን ሳያጠፋ የሚተኛ ሾፌር ሞልቷል።

አስፋልቱ በሌላ በኩል ነው። ይኼን አትጻፊው።

ሙጂብ ጠዋት ሲገባ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ይኼንንም አትጻፊው። ወጣት ነው፣ ማሳውን ሊያይ ወርዶ ይሆናል። ሠራተኛ ልጅ ነው። ከዓረብ አገር ባዶ እጁን ሲመለስ ያሽሟጠጡበት ሁሉ ዛሬ ቲማቲሙን ቆመው ያያሉ።

ኅዳር 1፣ እሑድ

የሰንበቴ ገበያ። አንድ ፍየል ይዤ ሄድኩ። የአፋር ነጋዴዎች ብዙ ነበሩ፣ ገበያው ጥሩ ነበር። ከኋላዬ ሁለት የቀበሌያችን ሰዎች ቆመው ያወራሉ። አላዩኝም፣ ወይም አይተውኛል።

አንዱ፣ የውሃ አባቱ ጆሮ ከበደው እንዴ አለ።

ሌላው፣ ጆሮው ደህና ነው፣ የሰው ፍየል ስትጮህ ይሰማል፣ የልጁ ፓምፕ ብቻ ነው የማይሰማው አለ።

ዞሬ አላየሁም። ዞሮ ማየት መልስ መስጠት ነው። ፍየሏንም ሳልሸጥ መለስኳት። ዋጋ አልስማማ ብሎኝ ነው።

ኅዳር 8

ከከሚሴ ከግብርና ጀነት የምትባል ልጅ መጣች። በባጃጅ እስከ መንገዱ፣ ከዚያ በእግሯ። ጫማዋን አውልቃ ምንጩ ውስጥ ገባች፣ ሥሩን ዳሰሰች፣ ከሾላው ሥር ያለውን አፈር በእጇ ጨምቃ አሸተተች። ከዚያ እቤት መጥታ አባቴ አለችኝ።

ይኼ ከባሕር ዛፍ ጋር አንድ አይደለም አለች። ስልጠናው ላይ የተባለው ሌላ፣ የሰሙት ሌላ። መጠጣቱንስ ይጠጣል፣ የማይጠጣ ዛፍ የለም፤ ግን ያንን ገደል የያዘው ሥሩ ነው፣ የምንጩ ዓይን የተከፈተው በሥሩ መሐል ነው፣ እሱ ከተነሳ ገደሉ ይወርዳል አለች። ማኅበሩ እኔን አይሰማም፣ እርስዎን ይሰማል፣ ቃሌን አንስቻለሁ ቢሏቸው ይቀራል አለች።

የእኔን ቃል ከማንሳት ሾላውን ከሥሩ መንቀል ይቀላል አልኳት።

እሷም ጫማዋን እያሰረች፣ እንግዲያው አንድ ሌሊት ቦዩን ተከትለው ቢወርዱ፣ ውሃው የት እንደሚቀር ያዩት ነበር አለች። ቀና ብላም አላየችኝ። ሰው አስተምሯታል። ጉልበቴ አይችልም አልኳት።

ጉልበቴ ደህና ነው። ይኼን አትጻፊው። በልጅ አፍ መፍትሔ ተቀብዬ አላውቅም።

ኅዳር 13፣ ጁምዓ

ከሶላት በኋላ ሼኹ አብረውኝ እቤት ድረስ መጡ። ሻይ አልፈልግም አሉ። መሐላ መውጫ አለው ጀይሉ አሉኝ። ከማልክበት የተሻለ ነገር ካየህ የተሻለውን ሥራ፣ ከፋራህን፣ የመሐላህን ካሳ፣ አውጣ፣ ሚስኪን አብላ፣ ያ ካልሆነልህ ሦስት ቀን ጹም። ዲናችን እንኳ ያልዘጋውን በር አንተ በራስህ ላይ አትቀርቅር።

ሾላውን ባድነው ጥፋተኛው ማን ሊሆን ነው አልኳቸው።

መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። እያወቅህ ከጠየቅኸኝ እኔ ምን እመልስልሃለሁ ብለው ሄዱ።

ጥሩ ሰው ናቸው። ነገር ያበዛሉ።

ኅዳር 18

ዛሬ ሙጂብን ለብቻው አገኘሁት። በረቱ ጀርባ ነው። በሕይወቴ የልጄን ዓይን ፈርቼ አላውቅም። ሌሊት ትወርዳለህ ወይ አልኩት።

"አባ፣ በሰው ፊት ልጄ አይሰርቅም ብለህ የማልክልኝ አንተ ነህ። አሁን እኔ ምን ልበል?" አለኝ።

አልሳቀም። ቢስቅ ጥሩ ነበር፣ በያዝኩት ዱላ እመታው ነበር።

ብዕሩ ቆመ። ጻፊ እንጂ። ባልሽ ነው፣ አውቃለሁ። ልጄም ነው። ጻፊ።

ኅዳር 20

ማሽላ ታጨደ። የሌሊቱ ውሃ አብዱልሰመድ ማሳ አልደረሰም። ሰዎች ሄደው አይተዋል፣ በርበሬው ቆሞ ደርቋል። አብዱልሰመድ ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ ወደ ሾላው አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ። የማኅበሩ ልጆች የማልኩበት ቀጠሮ ደረሰ ብለው ከሚሴ ሄደው የሞተር መጋዝ ይዘው መጡ።

ኅዳር 22

ቆረጥነው።

ኅዳር 23

ትናንት ማስጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ይጻፍ።

ሰው ተሰብስቦ ነበር። ሴቶቹ እንስራና ጀሪካናቸውን እንደያዙ ከላይ ቆመዋል። ማንም ሰው አይነካውም፣ መጋዙም አልተነሳም፣ እኔን ይጠብቃሉ። ሙጂብ ምሳሩን አመጣልኝ። አባቴ ቀፎ ያበጅበት የነበረ ምሳር ነው። ስለቱን ራሱ ሞርዶታል።

እዚያች መሐል አንድ ነገር ሆነ። አብዱልሰመድ ከሰው መሐል ወጣና አጠገቤ መጣ። እኔና እሱ ብቻ በምንሰማው ድምፅ፣ "ጀይሉ፣ ተወው። እኔ ማሳዬ ደርሶ ነበር እላለሁ። ውሸቱ በእኔ ይሁን" አለኝ።

እንዲህ አለኝ፣ ልክ እንዳልኩሽ ጻፊው። በርበሬው ደርቆ ሰው ሁሉ አይቶት።

ምጽዋት አልፈልግም አልኩትና መታሁት።

ወተቱ ወዲያው መጣ። እጄ ላይ፣ ሽርጤ ላይ፣ ፊቴ ላይም ተረጨ። ትኩስ አይደለም፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ለምን ትኩስ እንደመሰለኝ አላውቅም። ሦስቴ መትቼ ሰጠኋቸው። መጋዙ ተነሳ። ሲወድቅ የሌሊት ወፎቹ በቀን ወጡ፣ ዓይናቸው የማያይ፣ በሰው ራስ ላይ እየተጋጩ። ሕፃናት ሳቁ። ከዚያ ሰማዩ ባዶ ሆነ። ከዚያ ቦታ ሆኜ ሰማይ አይቼ አላውቅም ነበር።

አንዲት ቅርንጫፍ ወስጄ ጓሮ ተከልኩ። ሾላ በቅርንጫፍ ይጸድቃል። ሳጂዳ ሽርጡን አጥባው ነበር፣ ወተቱ ጠቁሮ ቀርቷል። ተይው አልኳት።

ታኅሣሥ 4

ውሃው ጨመረ።

ይጻፍ፣ እኔ የማየውን አልደብቅም። ከተቆረጠ ወዲህ ምንጩ በጣት የሚለካ ያህል ከፍ አለ። ሙጂብ እየሮጠ መጥቶ ነገረኝ፤ እንደ ልጅነቱ ነበር የሮጠው። የሌሊቱም ውሃ አብዱልሰመድ ማሳ ደረሰ። ልጆቹ በመንገድ ሲያልፉ ሰላምታቸው ረዝሟል። አንዱ፣ አባ ጀይሉ ጀግና ነው፣ ከዛፍና ከልጁ ልጁን መረጠ አለ። ሊያመሰግነኝ ነው።

ተሳስቼ ነበር ማለት ነው። ያቺ የግብርና ልጅም ተሳስታለች። ደስ ይበላት።

ሁለተኛ ፓምፕ ሊገዙ ነው አሉ።

ታኅሣሥ 21

ቲማቲሙ መቅላት ጀምሯል። ጦጣዎቹ ከገደሉ ወረዱ። ሁለት ሦስት ብቻ። ሙጂብ ውሻ አሰረ።

ጥር 2

ጦጣ፣ ጦጣ፣ ጦጣ። ሌላ ወሬ የለም። ውሻውን ለምደውታል። እናቶቹ ልጆቻቸውን ሆዳቸው ላይ አንጠልጥለው መጥተው፣ የሰው ሴት ገበያ እንደምትመርጥ ቲማቲሙን እየጨመቁ ይመርጣሉ። አንዱን ይነክሳሉ፣ ይጥላሉ፣ ሌላ ይነክሳሉ። ዋኔው ደግሞ የተነከሰውን ይጨርሳል። ልጆቹ ቀን በወንጭፍ፣ ሌሊት ለሌሊት ወፉ በቆርቆሮ ይጠብቃሉ። አንዱ መርዝ እንጣል አለ። ምንጭ አጠገብ መርዝ የሚጥል ሰው በመጀመሪያ ራሱ ይቅመሰው አልኩት።

ዛሬ ሙጂብ፣ አባ፣ ድሮስ እንዲህ ነበሩ ወይ አለኝ።

ድሮ በዚህ ወር የሚበሉበት ነበራቸው አልኩት።

ጥር 11

ግንዱን የሚፈልግ ጠፋ። የሾላ እንጨት ለስላሳ ነው፣ ለገበታና ለቀፎ ይሆናል እንጂ ለቤት አይሆንም። ልጆቹ ከሰል እናክስለው ብለው ሞከሩ፣ ከሰሉም አይረባም፣ እፍ ሲሉት አመድ ነው። ሥሩ ይሻላል ብለው አሁን ሥሩን እየቆፈሩ ነው። ገደሉን ተዉት ብዬ ላክሁባቸው። ከቆረጥኸው በኋላ ሥሩ ለምንህ ነው ብለው መልሰው ላኩብኝ።

ሳጂዳ ዛሬ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ጀሪካኑን አጋድላ አሳየችኝ። ታችው ላይ አሸዋ አለ።

ጥር 19

ከብቶቹ ጥላ ስለሌለ ውሃው ውስጥ ገብተው ይቆማሉ። ዳሩን ረግጠው አፈረሱት። ውሃው ቡና መስሏል። ሰው እየከለለ ያጠራል፣ ከብቱ ይመለሳል።

ወገቤ።

ጥር 27

ገደሉ ወረደ። የሞተ ሰው የለም፣ አልሐምዱሊላህ። የወረደው ሥሩን ከቆፈሩበት በኩል ነው፣ ሙሉ ለሙሉ የምንጩ ዓይን ላይ። ድንጋይና ጭቃ። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ሲቆፍሩ ዋሉ። ሙጂብ እጁ ደምቷል። ሲቆፍሩ ውሃው በሌላ በኩል ይወጣል ብለው ነበር። አልወጣም። አንድ ቦታ አፈሩ ረጥቧል፣ ያን ብቻ አገኙ። ወደ ታች ሄዷል ውሃው፣ የት እንደሆነ አላህ ያውቃል።

ሁለቱም ፓምፖች ደረቅ መሬት ላይ ቆመዋል። አፋቸውን ከፍተው።

የካቲት 4

ሳጂዳ ውሃ ከቦርከና ወንዝ ታመጣለች። ስትመለስ ፀሐይ ትከርራለች። ዛሬ ይኼን ደብተር ይዛ ስትቀመጥ ጀሪካኑ የላጠውን መዳፏን በሻሿ ጠቀለለች። ነገ ይደርሳል አልኳት። አይ አብዬ፣ ይበሉ አለችኝ።

የተከልኩት ቅርንጫፍ ደርቋል። የሚጠጣው አጥቶ ነው። የእጅ መታጠቢያዬን እሰጠው ነበር፣ አሁን የውዱእ ውሃም በልክ ነው።

ያቺ ጀነት መጥታ ነበር። ነግሬዎት ነበር አላለችም። ብትል ይሻለኝ ነበር። መስጊዱ ደጅ ያለውን ዋርካና ገደሉ ላይ ያለውን ጭብሃ እንዳይነኩ አደራ ብላኝ ሄደች። ለእኔ አደራ።

የካቲት 10

ቁርስ አልበላሁም። ሆዴን ትንሽ ከብዶኛል።

የካቲት 11

ሆዴ እንደዚያው ነው። ሳጂዳ ቁርስ አላቀረበችም። ሲመሽ ግን ሳልጠይቃት አዛኑ እንዳለ ተምርና ውሃ አጠገቤ አስቀመጠች። ነገር የምታውቅ ሴት ናት። ይኼን አትጻፊው።

የካቲት 12

ሆዴ። ከነገ ይሻለኛል።

የካቲት 15

ረመዳን ሊገባ ነው። ዛሬ የሆነውን ሁሉ አስጽፋለሁ፣ ሳላቋርጥ።

አብዱልሰመድ በሬዎቹን ሸጧል። ቤቱን ዘግቶ ባቲ ሊሄድ ነው፣ ልጁ ሰሊማ ጋ። ውሃ የሌለው የግርጌ ማሳ ለማንም አይሆንም፣ የሚገዛው እንኳ የለም። ነገ ጠዋት መኪና ይጠብቃል።

የአስር ሶላት ሰግጄ ስጨርስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ግባ አልኩት። እዚሁ ይበቃኛል አለ። ወሩ ሳይገባ፣ እኔም ሳልሄድ አውፍ እንባባል ብዬ ነው የመጣሁት አለኝ። አዎ፣ ይቅር መባባል ወጋችን ነው፣ ጾሙን በልብህ ቂም ይዘህ አትገባበትም።

ከዚያ እሱ ጀመረ፦ "ቦይ ጠረጋው ለታ በሰው ፊት ሳቅሁብህ። ባልስቅ ኖሮ አትምልም ነበር። በዚያ አውፍ በለኝ።"

እሱ! እሱ ነው እኔን የለመነኝ።

አውፍ ብያለሁ አልኩት። ከዚያ ተራው የእኔ ነበር። ቆመ። የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። እንደዚያ የቆመ ሰው የሚጠብቀውን ማንም ያውቃል። አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ላይ ያገኘሁት ያው የፈረደበት ነው፣ ቃሌ አንድ ናት። እሱን ዋጥኩት፣ ሌላ ግን አልመጣም። መንገዱን አላህ ያቅናልህ አልኩት። አሚን አለና ዱላውን አንስቶ ሄደ። ሲሄድ አየሁት። ከምንጩ ጋ ሲደርስ እንደ ድሮው ከጥላው ለመግባት ወደ ቀኝ ዞረ፣ ከዚያ ጥላ እንደሌለ ትዝ አለውና ተመለሰ።

ሳጂዳ፣ ስሚኝ። ነገ መኪናው ሳይመጣ ይኼን ደብተር ይዘሽ ትከተይኛለሽ። ሙጂብም ይመጣል፣ ነግሬዋለሁ፣ እምቢ አላለም። የማኅበሩም ልጆች ይምጡ። ቦዩ ዳር እንቆማለን። የውሃ አባት የሚፈርደው እዚያ ነው፣ ውሃ ቢኖርም ባይኖርም። አብዱልሰመድ ባለበት አንቺ ታነቢያለሽ፣ ምክንያቱም እኔ እዚያ ቆሜ እንደገና ሌላ ነገር እናገር ይሆናል። ራሴን አውቀዋለሁ። የተጻፈው ግን አይዞርም፣ ለዚሁ ነበር ያስጻፍኩት። ባልሽ ፊት ማንበቡ ቢከብድሽ አሁኑኑ ንገሪኝ።

አልከበደሽም። ጥሩ።

አሁን መጀመሪያ ለእኔ አንብቢልኝ። ከጥቅምት ጀምሪ። አትጻፊው ያልኩሽንም አንብቢ። እንደጻፍሽው አውቃለሁ፣ ብዕርሽ የቆመው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ የባልሽ ለታ። ያኔም ጻፊ ያልኩሽ እኔ ነኝ።

ኩራዙን አቅርቢው። አንብቢ።